ላሜራው ስንት ቀረው?

(በቱሉ ዲምቱ ለብረታ ብረት ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



የዛገ የብረት ጀልባ ስለ ማደስ ሊያወራ ቱሉ ዲምቱ ድረስ የመጣ ሰው ቢሳቅበት አልቀየምም። በዚህ በኩል ያለው ትልቅ ውኃ የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ እሱንም የወረሰው እምቦጭ እንጂ ጀልባ አይደለም። ጣና የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ባሮ ከዚያም ይርቃል። ባሕሩን ካጣን ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፎናል። ይሁንና ጀልባ ውኃ ላይ ሆኖ አይታደስም። የሚታደሰው ከውኃ ወጥቶ፣ በድጋፍ ላይ ተቀምጦ፣ መዶሻና ግራይንደር በጨበጡ፣ ብየዳ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ከሐይቅ ዳር ይልቅ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው፤ ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ። የነዳጅ ቦቴ የሚጠግን፣ የውኃ ታንከር የሚሠራ፣ የተሳቢ ሻንሲ የሚበይድ ባለሙያ የጀልባ ቀፎ ለማደስ የሚጎድለው ጥቂት ነገር ነው። ዛሬ የማነሣው ያንን ጥቂት ነገር ነው።

ቀፎ የምለው ሞተሩ፣ ወንበሩ፣ ጣሪያው ሁሉ ወርዶ የሚቀረውን፣ ውኃውን እየገፋ የሚሄደውን የላሜራ አካል ነው። ጀልባ ሲያረጅ ባለቤቱ የሚጨነቀው ለሞተሩ ነው። ሞተር ግን ይወርዳል፣ ይቀየራል። ቀፎው ካለቀ ጀልባዋ አለቀች።

ከዝገቱ እንጀምር። ዝገትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን በዓይን ብቻ የሚያውቀው ሰው ይሸወዳል፤ ምክንያቱም ዝገት በሁለት በኩል ይዋሻል። አንደኛው ውሸት ማጋነን ነው። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። በጣት ውፍረት የተነባበረ ዝገት ያየ ሰው ላሜራው እንዳለ ያለቀ ይመስለዋል፤ በመዶሻ ሲያረግፈው ግን ከሥሩ የተበላው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሁለተኛው ውሸት መደበቅ ነው፤ የሚገድለውም እሱ ነው። ከላይ ቀለሙ ያልተነካ፣ የሚያብለጨልጭ ላሜራ ከቀለሙ ሥር በጠባብ ጠባብ ጉድጓድ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ዙሪያው 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንዷ ነጥብ ላይ የቀረው 1 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ውኃ ደግሞ የሚገባው በአማካዩ በኩል አይደለም፤ በዚያች ነጥብ በኩል ነው።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ጀልባ ከውጭ ነው የሚዝገው ብለን እናስባለን፤ ውኃው ያለው በውጭ ነዋ! ጨው አልባ በሆነ ውኃ ላይ የሚሠራ ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላው ከውስጥ ነው። ከወለሉ ጣውላ ሥር፣ በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ፣ ዘይት፣ አፈርና የተሳፋሪ ቆሻሻ ዓመቱን ሙሉ ላሜራውን እንዳረጠበ ይቆያል። ውጩን ባለቤቱ ዘወትር ያየዋል፣ ቀለም ያስነካዋል። ሆዱን የሚያየው የለም። ከውጭ በኩል ክፉው ቦታ ውኃና አየር የሚገናኙበት መስመር ነው፤ እዚያ ላሜራው ሲረጥብ ሲደርቅ፣ ኦክስጅንም እንደልቡ ሲያገኝ ይውላል።

ስለ ጨው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ዝገት በመሠረቱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው፤ ከአንዱ የብረቱ ክፍል ወደ ሌላው ይሄዳል፣ መንገዱም ውኃው ነው። ጨዋማ ውኃ ጅረቱን በደንብ ስለሚያሳልፍ ብረትን በፍጥነት ይበላል። ቀይ ባሕር ከዓለም እጅግ ጨዋማ ባሕሮች አንዱ ነው፤ በኪሎ ግራም ውኃ ወደ 40 ግራም ጨው ይይዛል፤ የውቅያኖሱ አማካይ ደግሞ 35 ገደማ ነው። ሙቀቱም አለበት። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል አውራ መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በዚያ ውኃ ላይ ነው ዕድሜዋን የገፋችው። ስትሠራ አሜሪካዊ ነበረች፤ «ኦርካ» ትባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቅላ የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣች። ወደ 95 ሜትር ትረዝማለች። ዕጩ መኮንኖች ሠለጠኑባት፤ በንጉሡም በደርግም ዘመን ሠራች። በ1983 ዓ.ም. ምፅዋ በእጃችን በሌለችበት ጊዜ ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ዕድሜ ነው። ስለዚያች መርከብ ሲወራ መድፉና ነጭ የደንብ ልብሱ ይወሳል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከውኃ እያወጡ ታችዋን ሲፍቁና ሲቀቡ የኖሩት ሠራተኞች ግን በፎቶግራፉ ላይ የሉም። መርከቧን ያንን ያህል ያቆዩዋት እነሱ ናቸው።

የጣና ጀልባ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነች። ውኃው ጨው አልባ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ እንደ ቀይ ባሕር አይሞቅም፤ በባሕር መርከብ ታች ላይ የሚጣበቀው ዛጎልም የለም። ከባሕር ዳር በደቅ ደሴት በኩል አድርጎ እስከ ጎርጎራ በሚዘልቀው የጀልባ መስመር ላይ የብረት ጀልባ ሲመላለስ ትውልድ አልፏል። በዚያው ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ባለቤቱም ይጥለውና ሌላ ያስራል። ደንገል ለሚቀዝፍ ሰው «እድሳት» የሚባል ጣጣ የለበትም። ብረት ግን ውድ ነው፤ ሐይቁ ዳር ማድረሱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ ፪» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ በየብስ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ ባሕር ዳር ስትገባ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ትልቅ ቀፎ ወደ ጣና መውሰድ እንዲህ የሚያደክም ከሆነ፣ እዚያ ያለውን ቀፎ በጊዜ መንከባከብ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አስቡት።

ጨው አልባ ውኃ ለብረት ምን ያህል እንደሚራራ የሚያሳይ፣ እዚሁ አህጉራችን ላይ ያለ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ «ሊየምባ» የምትባል መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን አገር ፓፐንቡርግ ከተማ ተሠራች፤ ተሠርታም ተፈታች። ክፍሎቿ በሺህ በሚቆጠሩ ሣጥኖች ታሽገው በባሕር እስከ ዳሬሰላም፣ ከዚያም በባቡር ኪጎማ ደረሱ፤ እዚያ እንደገና ተገጣጥማ በ1915 ሐይቁ ላይ ወረደች። ጦርነቱ ሲከፋ፣ በሐምሌ 1916፣ ጀርመኖቹ ለጠላት ላለመተው ብለው ራሳቸው አሰጠሟት። ከመስጠሟ በፊት ግን ሜካኒኮቹ ሞተሮቿን በግሪስ ለቀለቋቸው። የሚያሰጥሙት መርከብ ሞተር ላይ ግሪስ የሚቀባ ሰው፣ አንድ ቀን ተመልሶ እንደሚያወጣት ተስፋ ያደረገ ሰው ነው። ያወጧት ግን እንግሊዞች ሆኑ፤ በ1924 ተነሣች፣ ተጠግና በ1927 ሥራ ጀመረች። በእኛ ዘመንም ሰውና ዕቃ ስትጭን ነበር። ስምንት ዓመት ገደማ ውኃ ውስጥ የሰነበተ ቀፎ ነው! ቀይ ባሕር ላይ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። አሮጌ ጀልባ ከውኃ ወጥታ ፊታችሁ ቆመች እንበል። ባለቤቱ አጠገባችሁ ቆሞ «ስንት ትጨርስልኛለህ?» ይላል። በዚህች ሰዓት ዋጋ የሚጠራ ባለሙያ ወይ ራሱን ወይ ደንበኛውን ይጎዳል። ከዋጋ በፊት፣ ከቀለም በፊት፣ ኤሌክትሮድ ከመግዛት በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ ላሜራው ስንት ቀረው? እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ በሙሉ ይህ ነው፤ ሌላው ማብራሪያ ነው።

ድሮ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው መዶሻ ነበር። ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ይጮኻል፤ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያወጣል፤ ይብስ ያለው መዶሻውን አሳልፎ ይለቀዋል። መዶሻ ዛሬም አይናቅም። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በፍጥነት ያሳያል፤ የመዶሻውን ምት ያልቻለ ላሜራም ሐይቁ መሀል ሳይሆን መሬት ላይ መቀደዱ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘዴ መብሳት ነው፤ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ትከፍታላችሁ፣ ውፍረቱን በካሊፐር ትለካላችሁ፣ ቀዳዳውን በብየዳ ትዘጋላችሁ። መሣሪያ ለሌለው ሰው ይህ እስካሁን የሚያስተማምን መንገድ ነው።

አሁን ደግሞ በድምፅ ሞገድ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ይኸው በእጄ ያለው ነው፣ ከሞባይል ስልክ ብዙም አይበልጥም። ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ነገር ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ላሜራው ትልካለች። ድምፁ ከላሜራው ጀርባ ነጥሮ ይመለሳል። በብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 5,900 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ በ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ውስጥ ደርሶ የሚመለሰው በሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ ገደማ ነው። መሣሪያው ያንን ጊዜ ቆጥሮ ውፍረቱን በቁጥር ይጽፍላችኋል። ጀርባውን ማየት አያስፈልግም፤ መብሳትም የለም። ጫፉና ላሜራው መካከል አየር እንዳይገባ ትንሽ ጄል ወይም ግሪስ መቀባት ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። ቀለም ላይ ከለካችሁ ይዋሻል። ድምፅ በቀለም ውስጥ ከብረት በጣም ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ቀላሉ ዓይነት መሣሪያ 1 ሚሊ ሜትር ቀለምን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ብረት አድርጎ ይቆጥረዋል። ዕድሜ ልኳን ቀለም በቀለም ላይ ስትደራርብ የኖረች ጀልባ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቀርቷት 5 ልታሳያችሁ ትችላለች። ቀለሙን ዘልለው የሚለኩ የተሻሉ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱ ከሌሏችሁ ነጥቡን እስከ ብረቱ ድረስ አጽዱ። በዚህ ላይ ስንፍና የለም።

አለካኩም ሥርዓት ይፈልጋል። ቀፎው ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን እየሠራችሁ ክፈሉት፤ በወረቀትም ቀፎው እንደ ተዘረጋ አድርጋችሁ ሳሉና ቁጥሩን በየቤቱ ጻፉ። በውኃው መስመር፣ በሆዱ፣ ከውስጥ አጥንቶቹ ከላሜራው ጋር በሚገናኙበት፣ በሞተሩና በመጸዳጃው ሥር ነጥቦቹን አጥብቡ። ይህ ወረቀት የጀልባዋ የሕክምና ካርድ ነው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለሱ ዝገቱ በዓመት ስንት እንደሚበላ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ወሰኑ ምንድን ነው? መርከብ የሚመድቡና የሚመረምሩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንደ ቦታው ቢለያይም በጥቅሉ አንድ ላሜራ ከመጀመሪያ ውፍረቱ ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ እጅ ሲያጣ ይቀየር ይላሉ። እንግሊዝ አገር በቦይ ላይ ለሚሄዱት ጠባብ የብረት ጀልባዎች ብዙ የመድን ድርጅቶች 4 ሚሊ ሜትርን እንደ ወለል ይጠይቃሉ። ለኛ ሐይቆች መነሻ የሚሆነን ከእነዚህ ሁለቱ ጠበቅ ያለው ነው፤ ሰው ይጭናሉና።

እዚህ ላይ አቃቂን የሚነካ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ መርከቦች የነበሩት «አባይ» እና «ጊቤ» ለብዙ ዓመታት ሠርተው ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወሰነ፤ የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ገዛቸው። ያኔ እዚህ ያለው አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪም በሜቴክ ሥር ነበር። ተቆራርጠው ለብረት ግብዓት ይውላሉ የተባሉት መርከቦች ተጠግነው ወደ ንግድ እንዲመለሱ ተሞከረ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በሰጠው መግለጫ ላይ ነገሩ ለሕዝብ ቀረበ። የሕጉን ነገር ለሕግ ሰዎች ልተወው። እኔ የማነሣው የሙያውን ጥያቄ ነው። አሮጌ መርከብ ሁለት ገዢ አላት፤ አንዱ የሚያድሳት፣ ሌላው የሚያቀልጣት። ሁለቱም ሥራ የተከበረ ነው፤ እዚህ ሰፈር ማቅለጥን የሚንቅ ሰው አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ግን ሁለቱ በአንድ ዋጋ አይገዙም። መርከቧ የቶን ሒሳብ ናት ወይስ የጉዞ ሒሳብ የሚለው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በላሜራው ቁጥር የሚታወቅ ነገር ነው። የአንድ ቀፎ አብዛኛው ላሜራ ከወሰኑ በታች ከሆነ እድሳት ማለት አዲስ ጀልባ በአሮጌ ስም መሥራት ነው፤ አዲስ መሥራቱ ይረክሳል።

መዳን የምትችል ሆና ከተገኘች ማጽዳት ይቀጥላል። ብዙው ድካም እዚህ ነው። በመዶሻና በመሮ ዝገቱን ማርገፍ፣ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ከተቻለ በግፊት በሚረጭ ሻካራ ነገር እስከ ነጭ ብረቱ መጥረግ። የወንዝ አሸዋ በደረቁ አትርጩ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ በብዙ አገር የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ ጀልባ ላይ ያለው ቀይ ፀረ ዝገት ቀለም እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ግራይንደር ሲነካው በሻሽ አፍን መሸፈን አይበቃም፤ ትክክለኛ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ልጆችም በአካባቢው አይጫወቱ።

ከዚያ መቁረጥ ነው። የጥርስ ሐኪም የተበላውን ሁሉ ሳይጠርግ ሙሌት አይሞላም፤ እናንተም ጤነኛ ውፍረት እስክታገኙ ድረስ ቁረጡ። የቆረጣችሁት ቦታ ማዕዘኑ ሹል አይሁን፤ ክብ ይሁን። ውኃ ላይ ቀፎ ሁልጊዜ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ስንጥቅ ደግሞ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። አዲሱን ላሜራ ልክ በልኩ አስገቡ፣ ጠርዙን በግራይንደር ሰያፍ አድርጉ፣ ነካ ነካ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከዚያ በአጭር በአጭሩ፣ አንዴ በዚህ ጫፍ አንዴ በዚያ ጫፍ እያላችሁ በይዱ። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው በአንድ ትንፋሽ የበየደ ሰው ላሜራውን አጣሞ ነው የሚጨርሰው። ቀፎው በሪቪት የተያያዘ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ አጠገቡ ያለውን ሪቪት ያላላል፤ አንዱን ቀዳዳ ደፍናችሁ አሥር ታፈሳላችሁ። እንዲህ ያለ ቀፎ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብረቱም ከዛሬው ብረት የተለየ ሊሆን ስለሚችል ቀድሞ ከተቆረጠው ላይ ሙከራ መበየድ ደግ ነው።

መለጠፍስ? የተበላውን ሳይቆርጡ በላዩ አዲስ ላሜራ መደረብ ማለቴ ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። እንግሊዝ አገር በቦይ ጀልባዎች ላይ በሰፊው ይሠራበታል፤ በዙሪያው ጤነኛ ብረት እስካለ መርማሪዎችም ይቀበሉታል። እኔ ግን አልወደውም። በሁለቱ ላሜራ መካከል እርጥበት ከገባ ማንም አያየውም፤ ጀልባዋም ትከብዳለች፤ ከሁሉ በላይ ቀጣዩ ባለሙያ ሲለካ የሚያገኘው ቁጥር የላይኛውን ብቻ ነው። ለአደጋ ጊዜ፣ ወደ ወደቡ ለመድረስ፣ እሺ። ስቱኮን በተመለከተ ደግሞ የመኪና ቦዲ ሠሪ ወንድሞቼ እንዳይቀየሙኝ፤ ለበር ጥሩ ነው፣ ለቀፎ ግን ኃጢአት ነው። ሆዱ ውስጥ ሲሚንቶ ማፍሰስም እንዲሁ።

አሁን የምናገረውን ግን ቦቴ የሚጠግኑ ሁሉ ጆሮ ሰጥተው ይስሙኝ፤ ሌላውን ብትረሱ ግድ የለም።

የነዳጅ ታንክ ባዶ ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ሙሉው ታንክ ነዳጅ ነው፤ ባዶው ታንክ የነዳጅ ትነትና አየር ድብልቅ ነው፤ የሚፈነዳውም እሱ ነው። ጀልባ የራሷ የነዳጅ ታንክ አላት፤ ብዙ ጊዜም ከቀፎው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። ከታንኩ በስተጀርባ ባለው ላሜራ ላይ ከውጭ በኩል የሚበየደው ብየዳ ውስጡን ያቀጣጥለዋል። ታንኩ ይውረድ፤ ካልወረደ ይታጠብ፣ በእንፋሎት ይጽዳ፣ ይናፈስ፣ ጋዙም በመሣሪያ ይለካ። «ትናንት አጥበነዋል» የሚለው ቃል መለኪያ አይደለም፤ የዝገቱ ንብርብር ውስጥ የተደበቀው ነዳጅ ብረቱ ሲሞቅ እንደገና ይተናል።

ሁለተኛው አደጋ ብዙ ሰው አይገምተውም። ዝገት ኦክስጅን ይበላል፤ ሥራውም ያ ነው። ለወራት ተዘግቶ የቆየ የቀፎ ክፍል፣ ምንም ኬሚካል ሳይኖርበት፣ ሽታ ሳይኖረው፣ ኦክስጅኑ ያለቀ ሊሆን ይችላል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለ። ከ19.5 በታች ሲሆን መግባት ክልክል ነው፤ ከ10 በታች ሲወርድ ሰው «አዞረኝ» ለማለት እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ይወድቃል። ከላይ ሆኖ የሚያየው ጓደኛው ዘሎ ይገባል። እሱም ይወድቃል። በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡት ናቸው። ክዳኑን ክፈቱ፣ በነፋሻ አየር አስገቡ፣ ለኩ፣ ገመድ ሳይታሰር ማንም አይግባ፣ ከውጭም አንድ ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ ይቁም። ያ ሰው ሻይ ሊጠጣ ከሄደ የውስጡም ሥራ ይቁም።

ስለ ቀለሙ ባጭሩ ልለፍ። የጸዳ ብረት በዚያው ቀን መጀመሪያውን ቀለም ካልጠጣ እንደገና ይዝጋል። ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ ከተራው አንቲረስት ይሻላል፤ ደጋግሞ በስስ በስሱ እንጂ አንዴ በወፍራሙ አይቀባም። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚወርድበት ሙቀት ቢያንስ ሦስት ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ ጧት በጤዛ የሚቀባ ሰው ውኃ ላይ ነው የሚቀባው። ለባሕር ዳር ጥሩው ወቅት በጋው ነው፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ሐይቁም ይጎድላል፣ ጀልባ ለማውጣትም ዳርቻው ይመቻል።

ከቀፎው ላይ ስለሚታሰረው መሥዋዕት ብረት ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ከመርከብ የመዳብ ልባስ ጋር ከመዳብ ይልቅ ቶሎ የሚበላ ብረት ቢታሰር መዳቡ እንደሚተርፍ አሳየ። የዛሬውም ዘዴ እሱ ነው፤ ዚንክ ታስራላችሁ፣ ዝገቱ ዚንኩን ይበላል፣ ቀፎው ይተርፋል። ይህ ግን ለባሕር ነው። ጨው በሌለበት ውኃ ዚንክ እምብዛም አይሠራም፤ የሚያስፈልጋችሁ ማግኒዥየም ነው። ጣና ላይ ዚንክ ያሰረ ሰው ዓመት ቆይቶ ሲያየው ምንም ሳይበላ ያገኘዋል፤ «ጥሩ ዕቃ ገዛሁ» ብሎም ይደሰታል። ያልተበላ መሥዋዕት ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። መሥዋዕቱን ቀለም አለመቀባትም አይረሳ።

ሁሉ ቀፎ ወደ ውኃ መመለስ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1843 ውኃ ላይ የወረደችው የእንግሊዞቹ የብረት መርከብ «ግሬት ብሪቴን» በ1970 ከፎክላንድ ደሴቶች ተጎትታ ብሪስቶል ስትመለስ ጨው ብረቷ ውስጥ ሠርጎ ነበር፤ በማጠብ አልወጣም። መፍትሔ ያደረጉት አየሩን ማድረቅ ነው። የታችኛውን ክፍል በመስተዋት አጥረው በውስጡ ያለውን እርጥበት ወደ 20 በመቶ አወረዱት፤ በዚያ አየር ውስጥ ዝገቱ ይቆማል። ውድ ዘዴ ነው፤ ለሙዚየም እንጂ ለሥራ ጀልባ አይሆንም።

የቀረኝ የማውጫው ነገር ነው። ጀልባን ከውኃ የሚያወጣ ተዳፋትና ጋሪ ከሌለ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወሬ ነው። ጣሊያኖች በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ምፅዋን ከመልቀቃቸው በፊት መርከቦቹን ብቻ አይደለም ያሰጠሙት፤ መርከብ ማንሻ ተንሳፋፊ መትከያዎቹንም አሰጠሙ። ወደቡን ማሽመድመድ የሚቻለው በዚያ መሆኑን ያውቁ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመጣው አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግም በመጀመሪያ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ መትከያው ነበር፤ የተጨመቀ አየር ሞልቶ አንሳፈፈው። በኛም ሐይቆች ላይ ከአዲስ ጀልባ ግዢ በፊት ደህና የማውጫ ተዳፋት ቢሠራ፣ ያሉትን ጀልባዎች በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አውጥቶ መለካት ይቻላል። ሐዲዱን፣ ገመዱን፣ ጋሪውን የሚሠራ ብረት ሠራተኛ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ አይጠፋም። በኮንትራት ሄዶ መሥራት የሚፈልግ ማኅበር ካለ፣ ወረቀት ላይ የሳልኩት ሐሳብ አለኝ፤ በኋላ እንነጋገር።

ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት፣ ማስታወቂያው ላይ «የላሜራ ቁራጭ ይዛችሁ ኑ» ብለን ነበር። አንዳንዶቻችሁ ይዛችሁ እንደመጣችሁ ከእግራችሁ ሥር አያለሁ። ያ ጥግ ላይ ያለው ወንድሜ፣ ያቺ አረንጓዴ ቀለም ያለባት የቦቴ ሆድ ናት መሰለኝ፤ ወዲህ በላት። ቀለሟን ሳንነካ አንዴ እንለካታለን፣ ከዚያ ፈግፍገን እንደገና እንለካታለን። ከመለካታችን በፊት ግን እያንዳንዱ ሰው ግምቱን ይናገር።